ፀሐይ ያልመታው ሰው

አባቴ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጥላ» ይለው ስለነበር ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። ሱቁ ከአንድ ጫማ መደብር ደረጃ ሥር ያለች፣ ግማሽ ጎኗ መሬት ውስጥ የገባ ክፍል ናት። መስኮቷ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነው። አባቴም ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በጫማቸው ነበር። «ያቺ ተረከዟ የተንሻፈፈው መጣች፣ ቡኒውን ጥላ አውርጂላት» ይለኛል፣ ሴትዮዋ ደረጃውን መውረድ ሳትጀምር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዝም ብሏት ቢያልፍ ተቀየመችው። «ምን ላድርግ፣ ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም» አለ።

ሥራውን ግን ያውቅበታል። የተሰበረ ሽቦ ከሞተ ጥላ ነቅሎ ለታመመው ይተካል፣ የላላ ሞላ ያጠብቃል፣ የተቀደደ ጨርቅ ይሰፋል። ስፌቱማ አይወራም! ጨርቁ አርጅቶ ይበጣጠሳል እንጂ የእሱ ክር አይለቅም። «ጋሽ ጥላ የሰፋውን የሚፈታው ጋሽ ጥላ ብቻ ነው» ይሉት ነበር፣ እሱም ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኩራቱ እሷው ናት።

ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። የሥራ ጠረጴዛውን ወደ ላይ አውጥቼ እስከ ረፋድ ድረስ የምሠራው መንገዱ ዳር ነው። «ጥላ ጠጋኝ ፀሐይ ላይ!» እያለ የማይስቅብኝ አላፊ አግዳሚ የለም። ይሳቅ። እኔ የማወራው ስለ አባቴ ነው።

እናቴ የሞተችው አምስት ዓመቴ ላይ ነው። አንድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ያን ሁሉ ልብስ አጥባ፣ ግቢያችን ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ላይ በባዶ ራሷ ስታሰጣ ዋለች። ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ስታስል ነበር፣ ግን ሳሏን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ማምሻውን ብርድ ብርድ አላት። በሦስተኛው ቀን አባቴ ሐኪም ቤት ወሰዳት፣ በአምስተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ። በእጁ አንድ ወረቀት ይዞ ነበር። ወረቀቱ ላይ «የሳንባ ምች» ይላል።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ወረቀቱ ሲነበብላት ደረቷን መታች። «አላልኩም? ያንን ሁሉ ፀሐይ በባዶ ራሷ! ምች ነው የመታት! ምች ነው ወንድሜ!» አባቴ ወረቀቱን መልሶ መላልሶ አነበበው። ያነበበው ግን ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነበር። ምች ማለት ለእሱም፣ ለአክስቴም፣ ለጎረቤቱም ፀሐይ የመታው ሰው የሚይዘው ትኩሳት ነው፣ አለቀ። ሚስቱን ፀሐይ ገደለበት። የቀረችው አንዲት ልጁ ነኝ። ወረቀቱን አጥፎ በቆርቆሮ የክር ሳጥን ውስጥ አስቀመጠውና ሥራ ጀመረ።

በሁለት ወር ውስጥ ግቢያችን ሰማይ አልነበረውም። ከአሮጌ ጥላዎች ጥቁር ጥቁር ጨርቅ እየፈታ፣ ጫፍ ለጫፍ እየሰፋ፣ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ አጥሩ ድረስ ወጠረው። ጎረቤቶች «የጥላ ጥላ» ብለው ስም አወጡለት። የመኝታ ቤቱን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ጋረደው። ለእኔም በቁመቴ ልክ አንዲት ትንሽ ጥላ ሠራልኝ፣ ቁመቴ ሲጨምር ዘንጓን እየቀየረ አሳደጋት። ትምህርት ቤት የምሄደው እሷን ይዤ ነው። አስተማሪዬንም ለምኖ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንድቀመጥ አስፈቀደ። ልጆቹ «ጥላ ተሸክማ ጥላቢስ!» እያሉ በመስኮት ይዘፍኑብኛል። እያለቀስኩ ስነግረው አባቴ ጭንቅላቴን እያሻሸ፣ «እነሱ አባት ቢኖራቸው እንዲህ ፀሐይ ላይ ባልተበተኑ» አለኝ። አባት እንዳላቸው እያወቀ።

አልዋሽም፣ እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ። አንዳንዴ በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነው የምወደው።

ታማሚ ሆኜ አደግኩ። ጉንፋን ሰፈራችን ሲገባ እኔን ሳያይ አያልፍም። ሌላው ሰው በአራት ቀን የሚገላገለው እኔ ላይ ወር ይከርማል፣ ወደ ደረቴ ይወርዳል፣ ትንፋሼ ይፏጫል። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ከእሱ ጋር መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ጉልበቴ ከዳኝ። የሱቁን ዘጠኝ ደረጃ ስወጣ ጭኔን አጥንቴ ድረስ ያመኛል፣ ወገቤን እይዛለሁ። «የሃያ ዓመት ባልቴት» ትለኝ ነበር የጫማ መደብሩ ባለቤት። እኔ በታመምኩ ቁጥር አባቴ ቤቱን ይፈትሻል። «በየት ነው የገባው?» እያለ ከመስኮቱ ስንጥቅ የምትገባውን ቀጭን ብርሃን ሳይቀር በጨርቅ ይወትፋል።

ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ለሦስተኛ ጊዜ ተኛሁ። ሳገግም አንዲት ወጣት ሐኪም ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች ትጠይቀኝ ጀመር።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ ጥገና።»

«የት ቁጭ ብለሽ?»

«ምድር ቤት።»

«ቤትሽስ ፀሐይ ይገባል?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«እሺ፣ አንቺ ፀሐይ የምታይው መቼ ነው?»

ሳቅኩ። «ፀሐይ ለደንበኛ ነው ዶክተር፣ እኛ ጥላውን ነው የምንሸጠው።»

እሷ አልሳቀችም። ደሜን አስመረመረች። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዛ መጣች። ሰውነታችን ቆዳው ላይ ከሚያርፈው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር ይሠራል፣ አለችኝ። አጥንት የሚጠነክረው በእሱ ነው። ከዚያም ሌላ፣ ቫይረስ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚመክተውን የሰውነት ኃይል ያግዛል። የእኔ ከሚገባው በታች ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ደርሷል።

«እንግዲህ ያሳመመኝ እሱ ነዋ!»

«ያሳመመሽ ቫይረሱ ነው። የዚህ ማነስ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ የሚተውለት ይመስላል። እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም፣ ሳይንሱም እስከዚያ አይምልም።» በሳምንት አንድ የሚዋጥ እንክብል ጻፈችልኝ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት፣ ሳይበረታ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ጥቂት ፀሐይ እንድሞቅ ነገረችኝ። ስትነሳ፣ «ቤት ውስጥ አብሮሽ ማን ነው የሚኖረው?» አለች።

«አባቴ።»

«እሱም ካንቺ ጋር ነው የሚሠራው? ይዘሽው ነይ፣ ይመርመር። በዕድሜ ሲገፋ ይብሳል።»

እሺ አልኳት። ልነግረው ቆርጬ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አባቴ መርፌውን ይዞ ጎንበስ ብሏል። ጭኑ ላይ የእኔ ጥላ ተዘርግታለች። በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ሌላ ጥቁር ጨርቅ ደርቦ እየሰፋላት ነው።

«ነጠላው አልበቃ ብሎ ነው እንጂ ባልታመምሽ ነበር» አለኝ ቀና ሳይል። «አሁን ድርብ አደረግኩልሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ፣ ቀደም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ከፀሐይ ሲከልለኝ ለኖረ ሰው «የከለልከኝ መድኃኒቴን ነው» ብዬ እንዴት ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ።

እንክብሉን ባዶ የክር ጣሳ ውስጥ ደበቅኩ። በየጠዋቱ «ክር ገዝቼ ልምጣ» እያልኩ እወጣና ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፈርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፀሐይዋ ክንዴ ላይ ስታርፍ ምች አሁን መታኝ፣ አሁን መታኝ እያልኩ ልቤ ይመታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃው ይናፍቀኝ ጀመር።

አባቴ ግን ቂል አይደለም። ሱቁ በክር ተጥለቀለቀ። አንድ ቀን በመርፌው ጫፍ ወደ ክሩ ክምር እየጠቆመ፣ «ይሄ ክር ነጋዴ ወሬኛ ነው መሰለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያቆይሻል» አለኝ። ፊቴ ቀላ። በፀሐዩ ይሁን በእፍረቱ እንጃ፣ እሱ ግን በገባው መንገድ ተረጎመው። ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው አጎነበሰ። «ግድ የለም። መልኩን ባታሳዪኝም በዚያ በመስኮቱ በኩል አሳልፊውና ጫማውን ልየው።»

አላረምኩትም። እንዲያውም ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎት ሳየው እውነቱን የምናገርበት ቀን ይበልጥ ራቀ። ይዘሽው ነይ የተባልኩትን ግን አልረሳሁም። አስታውሼ ነው ያልወሰድኩት። ብወስደው ሐኪሟ ትነግረዋለቻ።

ብርዱ ወር ሲገባ አንድ ጉንፋን ያዘኝና በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ። አባቴ እጆቹን አጨብጭቦ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ድርቡ ጨርቅ! አላልኩሽም? ድርቡ ጨርቅ ነው የሠራው!» አለ። እኔም «አዎ አባዬ» አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እነዚያን ሁለቱን መልሼ ብውጣቸው እመርጣለሁ።

ከዚያ ከባዱ ኢንፍሉዌንዛ መጣ። የጫማ መደብሩ ባለቤት ሳለችና ዳነች። አክስቴ በሰባ አራት ዓመቷ ሳምንት ተኝታ ተነሳች፣ እሷ ምችን ስትራገም የምትውለው ከደጇ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀች መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ለሌላው ምች ትፈራለች እንጂ ለራሷ ፈርታ አታውቅም። አባቴ ሲይዘው ግን አልለቀቀውም። በዘጠነኛው ቀን ከንፈሩ ጠቆረብኝ፣ ደግፌ ሆስፒታል ወሰድኩት። መስኮት ሥር ያለ አልጋ ሰጡት። አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ አደረጉለት። እሱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መጋረጃውን አስዘግቶ የእኔን ወንበር ከመስኮቱ ማራቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለው ካርድ ላይ ጽፋ ስትሄድ፣ «አምጪው እስቲ» አለኝ። አቀበልኩት። ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። ከዚያ ካርዱን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከመናገሩ በፊት አንድ የጠፋ ሽቦ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ከንፈሩን አሞጠሞጠ።

«የሳንባ ምች ይላል።»

«አዎ አባዬ።»

«እኔን ፀሐይ አያውቀኝም።» ትንፋሽ ወሰደ። «ከቤት በጥላ፣ ሱቅ ምድር ቤት፣ ከሱቅ በጥላ። ሃያ ሦስት ዓመት። ታዲያ ምች በምን አወቀኝ?»

ሐኪሟ፣ ያችው የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝከው፣ ይህን ስትሰማ በራፉ ላይ ነበረች። ገብታ እጁን ያዘች። «አባባ፣ የሳንባ ምች ከፀሐይ አይመጣም። ሳንባ ውስጥ የሚገባ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። ልጅዎ አልነገረችዎትም?»

«ታዲያ ለምን ምች አላችሁት?»

«እኔ አልሰየምኩትም አባባ። ስሠለጥንም ስሙ ይኸው ነበር።»

«ስም ስታወጡ ተጠንቀቁ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። ጩኸቱ በሳል አለቀ። አባቴ በሰው ላይ ሲጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐኪሟ አልተቀየመችም። ሳሉ እስኪበርድለት ጀርባውን ይዛ ቆየችና እኔን አይታ ወጣች። አስተያየቷን ሳልተረጉመው ገባኝ።

ሁለታችን ቀረን።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«ክር ነጋዴው... የለም ማለት ነው?»

«የለም አባዬ።»

«ፀሐይ ነበር?»

«ፀሐይ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኩት። የደሜን ውጤት፣ ክር ጣሳ ውስጥ ያለውን እንክብል፣ የፖስታ ቤቱን ደረጃ። እያለቀስኩ ስለነበር ነገሩን አስቀድሜም አስከትዬም አወራሁት። ሲገባው በዓይኔ አየሁት። ወደ ኋላ እየቆጠረ ነበር፤ ግቢውን፣ መስኮቱን፣ የእረፍት ሰዓቱን፣ ድርቡን ጨርቅ።

«እኔ ነኝ እንግዲህ ያሳመምኩሽ።»

«ሐኪሟ እሱ ብቻ ነው አትልም...»

«ሐኪሟን አልጠየቅኩም።»

ውሸት በአፌ ሙሉ መጣልኝ። ሰባት ወር ስለማመደው የነበረ ነገር ነውና። ዓይኑን ሳየው ግን አልቻልኩም። «ከፊሉ አንተ ነህ» አልኩት። «አንተን ያሳመምኩህ ደግሞ ከፊሉ እኔ ነኝ። ይዘሽው ነይ፣ ይመርመር ብላኝ ነበር። ሰባት ወር ደበቅኩህ።»

«ለምን?»

«እንዳይከፋህ ብዬ።»

እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ ጉንጬን እንደ ልጅነቴ ቆነጠጠኝ። «በእኔ ወጥተሻል» አለኝ። «ሂጂ፣ ያንን ጥላ አውርጂው። ትንሿን መቀስ እንዳትወስጂ፣ አትችለውም።»

ቤት ሄጄ መሰላል ዘረጋሁ። እውነቱን ነው፣ ትልቁም መቀስ አልበገረውም። ሃያ ሦስት ዓመት ዝናብ የመታው ጨርቅ እጄ ላይ እየተበጣጠሰ ስፌቱ ግን አልፈታ አለ። እየቆረጥኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሰደብኩት፣ እየሰደብኩ መረቅኩት። አክስቴ በር ላይ ቆማ «አንቺ ልጅ፣ በባዶ ራስሽ! ምች ይመታሻል!» ብላ ጮኸች። መልስ ስላልሰጠኋት ጥቂት አጉረመረመችና መጥታ መሰላሉን ያዘችልኝ።

የመጨረሻው ቁራጭ ሲወድቅ ግቢው ሁሉ ብርሃን ሆነ። የማላውቀው ቤት መሰለኝ። ከጨርቁ በታች፣ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ድረስ፣ የእናቴ ገመድ እንደተወጠረ አለ። አባቴ ያን ሁሉ ሲጋርድ፣ ያን ሁሉ ሲወትፍ ገመዱን አልፈታውም። ልብሳችን ሁልጊዜ የሚደርቀው ቤት ውስጥ በወንበር ላይ ነበር፣ ያ ገመድ ግን እዚያው ነበር። አክስቴም አየችው።

ሆስፒታል ሲገባ ለብሶት የነበረውን ሸሚዝ አጥቤ ገመዱ ላይ አሰጣሁት። እኩለ ቀን ነበር። ሥሩ ቁጭ ብዬ እስኪደርቅ ጠበቅኩ።

ሆስፒታል ስደርስ መጋረጃው ተከፍቷል። እሱ ነው ያስከፈተው፣ አለችኝ ነርሷ። ፀሐይዋ አልጋው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። «አወረድሽው?» አለኝ በዓይኑ ጭምር። «አወረድኩት» አልኩና ሸሚዙን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር። ዳበሰው። ከዚያ ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ቱቦውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ አሸተተው። አስቀምጦ እንደገና አሸተተው።

«እናትሽን፣ እናትሽን ይላል» አለ። ሌላ ለመናገር ትንፋሽ አጠረው።

ሸሚዙን ተቀብዬ አሸተትኩ። ሳሙናና ፀሐይ ነው። ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበርና የእናቴን ሽታ አላስታውስም ነበር፤ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አባቴ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ቀድሜ ብነግረው ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠይቄአታለሁ። «አላውቅም» አለችኝ፣ ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። ሸሚዙ እኔ ዘንድ ነው። ሽታው ሲጠፋ አጥቤ እዚያው ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ።